ከዘራው ሲገለበጥ

አሰላ ውስጥ የማውቃቸው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ከሳሎን ወደ በረንዳ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ እግራቸው ይተከላል። ፊታቸው ያለችው ደፍ ከአራት ጣት አትዘልም። ገላቸው ወደፊት ያዘነብላል፣ ጉልበታቸው ይንዘፈዘፋል፣ እግራቸው ግን ከሲሚንቶው አይላቀቅም። ልጃቸው ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል «ቆይ፣ ተይኝ» ይሏታል። ከዚያ ከዘራቸውን ይገለብጡታል። ቆልማማው እጀታ ታች ወርዶ ከእግራቸው ጣቶች ፊት አግድም ይቀመጣል። እሱን እያዩ ቀኝ እግራቸውን ከፍ አድርገው ይሻገሩታል፤ ግራው ይከተላል፤ ደፏም ከኋላ ትቀራለች።

ከዘራ የተሠራው ለመደገፊያ ነበር። ሲገለበጥ ግን ድጋፍነቱ ቀርቶ እንቅፋት ሆነ፤ መራመድ ያቃታቸው ሰው ደግሞ እንቅፋት ሲጨመርላቸው ተራመዱ። ዘዴው የጋሼ ፈጠራ አይደለም፤ የነርቭ ሐኪሞች ካወቁት ቆይቷል። ለሁሉም ሕመምተኛ አይሠራም፤ አንዳንዱን ጭራሽ እግሩን ይጠልፈዋል። ሲሠራ ግን የፓርኪንሰን ሕመም ከሰው ምን እንደሚወስድና ምን እንደሚተውለት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

አሰላ ባጃጅ ቢበዛባትም ጋሪ አልተዋትም። የለመደ የጋሪ ፈረስ ባለጋሪው ቢያንቀላፋ እንኳ መንገዱን አይስትም፤ ጉድጓዱን ዞሮ፣ መታጠፊያው ላይ ቀስ ብሎ፣ ግቢው በር ድረስ ያደርሰዋል። አንጎላችንም እንዲህ ያለ ፈረስ አለው። ቤዛል ጋንግሊያ የሚባሉት በአንጎል ውስጠኛ ክፍል ያሉ የሴል ስብስቦች የለመድነውን ሁሉ ሳናስበው እንድንሠራ ያደርጉናል፤ መራመዱን፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፉን፣ ፊርማውን፣ እንጀራ መቁረሱን። የፈረሱ መኖ ዶፓሚን ነው። ዶፓሚን የሚያመርቱት ሴሎች በመካከለኛው አንጎል ውስጥ፣ ከቀለሟ የተነሣ ሐኪሞች «ጥቁሯ» ብለው በሰየሟት ስፍራ ይገኛሉ። ፓርኪንሰን እነዚህን ሴሎች አንድ በአንድ ይጨርሳቸዋል። እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብዙዎቹ አልቀዋል። ማሽተት አለመቻሉ፣ የሆድ ድርቀቱ፣ በሕልም እየተጣሉ አልጋ ላይ መራገጡ ከዓመታት በፊት ቀድመው መጥተው ይሆናል፤ ግን ለሆድ ድርቀት ብሎ ስለ አንጎሉ የሚጠይቅ ማን አለ?

እንግዲህ ፈረሱ መንገዱን ሲረሳ ባለጋሪው አልሞተም። ልጓሙን ከያዘና እያንዳንዱን እርምጃ ነቅቶ ካዘዘ ጋሪው ይሄዳል። የተገለበጠው ከዘራ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ባለጋሪውን ይቀሰቅሰዋል። ዓይን ዒላማ ሲያገኝ አንጎል በለመደው መንገድ ሳይሆን በሌላ፣ በማየትና በማሰብ በኩል ባለው መንገድ እግርን ያዛል። ወለል ላይ አግድም የተሰመሩ መስመሮችም ያንኑ ያደርጋሉ። ጠፍጣፋ መሬት ላይ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ሕመምተኛ ደረጃ ሲያገኝ አንድ ሁለት እያለ የሚወጣው ለዚህ ነው። በዚሁ ሒሳብ የአርሲ ገበሬ ሳሎኑ ውስጥ ተተክሎ ቀርቶ፣ ማሳው ውስጥ ግን ከትልም ትልም እየተሻገረ ቢሄድ አይግረመን። እኔ የሚያሳዝነኝ ቤተሰቡ ይህን ሲያይ «ሲፈልግማ ይሄዳል» ማለቱ ነው።

ልማድ በሰው አካል ላይ እንዴት እንደሚቀረጽ ማየት የፈለገ የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ግራ ክንድ ያስታውስ። ኃይሌ ከአሰላ አጠገብ ካለው የአባቱ እርሻ ትምህርት ቤት ድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ሲመለስም እንዲሁ። ደብተሩን በግራ እጁ ይይዝ ስለነበር ክንዱ ተጣጥፎ ቀረ፤ ደብተሩ ከእጁ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዓለም በሚያየው መም ላይ፣ ያ ክንድ የሆነ ነገር እንደያዘ ነበር የሚወዛወዘው። ጤነኛ ፈረስ የተማረውን እንዲህ አይረሳም። በፓርኪንሰን የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች አንዱ ሰውየው ሲራመድ አንዱ ክንዱ መወዛወዙን መተዉ ነው። ራሱ አያውቀውም። ሚስቱ ወይም ልብስ ሰፊው ነው የሚያየው።

ሕመሙን በስሙ ያስጠራው የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰንም ያየው በዓይኑ ብቻ ነበር። በ1817 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አነስተኛ ጽሑፍ ስለ ስድስት ሰዎች ተረከ፤ ከስድስቱ ገሚሶቹን ያያቸው መንገድ ላይ ነው። የአንጎል ፎቶ የለ፣ የደም ምርመራ የለ። ዛሬም ቢሆን ሕመሙ በዋናነት የሚታወቀው ልምድ ያለው ሐኪም ሰውየውን አስነሥቶ፣ አስኪዶ፣ ጣቱን አስከፍቶ አስዘግቶ ሲያይ ነው።

በእኛ አገር ማን ፈልጎ አየ? ከአሰላ ቁልቁል፣ ከዝዋይ ሐይቅ ማዶ፣ በመስቃንና ማረቆ ገጠር ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ቤት ለቤት እየዞሩ የነርቭ ሕመሞችን ቆጥረው ነበር። ከ60,820 ነዋሪዎች መካከል ያገኙት የፓርኪንሰን ሕመም መጠን ከ100,000 ሰው 7 ነው፤ በጥናቱ ሕዝብ ሲሰላ አራት ሰው ገደማ ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ያኔ ሽማግሌ የሚሆነው ሰውም ጥቂት ነበር። ዛሬ ዕድሜ ረዝሟል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ከሕመሙ ጋር የሚኖሩትን ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ያደርሳቸዋል። አሰላ ላይ ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ አዛውንት «አረጀ» ተብሎ ነገሩ ያበቃል።

ከዚያ የሚመጣው ክብር ነው። ልጅ ይነሣለታል፣ ወንበር ይቀርብለታል፣ ውኃው ከእጁ ይወሰዳል። «ይረፉ አባባ፣ እኛ አለን»። ገበያ የሚሄድለት አለ፤ ጫማውን የሚያስርለት አለ፤ ቆይቶ ደግሞ የሚያጎርሰው። እያንዳንዱ ነገር ፍቅር ነው፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን ስድስት ወር ያህል በፍቅር የተቀመጠ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ጉልበቱ ይሟሽሻል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ ሲነሣ ይወድቃል፤ አንዴ ከወደቀ ደግሞ ፍርሃቱ ራሱ ያስቀምጠዋል። ክብራችን ከሕመሙ ጋር አብሮ ይሠራበታል። ያውም በሯጭ አገር! ንጋት ላይ ብርዱን ተቋቁመው ቁልቁለቱንና ዳገቱን የሚያምሱ ልጆች ባሉበት፣ ጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል ባለበት ከተማ «ስፖርት» የሚለው ቃል ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ላለ ሰው የተከለከለ ይመስላል። የሰባ ዓመት ሰው ስፖርት ይሥሩ ሲባል ይስቃል። ጋሼም ስቀው ነበር፤ «ቀነኒሳን ልቅደም?» ብለው።

አትላንታን ያስታወስኳቸው ያኔ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 1988 ዓ.ም. በኦሊምፒኩ መክፈቻ ምሽት በችቦው የጨዋታውን እሳት የለኮሰው መሐመድ አሊ ነበር። ሕመሙ ከታወቀ 12 ዓመት ሆኖታል። ቀኝ እጁ ችቦውን ጨብጧል፤ ግራ እጁ ከትከሻው ጀምሮ ይንቀጠቀጣል፤ ፊቱ እንደ ጭምብል ነው። እዚያው ስታዲየም ውስጥ፣ አሥር ቀን ቆይቶ፣ ሐምሌ 22፣ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን ቀድሞ 10,000 ሜትሩን በ27 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ገደማ ጨረሰ። በዋዜማው ሌላዋ የአርሲ ልጅ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን አሸንፋለች። አሰላ የኃይሌን ሩጫ ታስታውሳለች። ጋሼ ግን ትዝ ያላቸው የአሊ እጅ ነበር። «ያቺን ችቦ ሲይዝ አልተንቀጠቀጠም እኮ» አሉኝ፤ «ባዶው እጁ ነው የተንቀጠቀጠው።» በትክክል አይተዋል። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ በአብዛኛው ሥራ የፈታ እጅ ላይ ነው የሚበረታው፤ ሥራ ሲሰጡት ጋብ ይላል።

ሥራ ሲሰጡት ጋብ የሚለው እጅ ብቻ ነው ወይስ ሕመሙም? ተመራማሪዎች ይህን በብርቱ መጠየቅ ከጀመሩ ሃያ ዓመት ቢሆናቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ መድኃኒት ገና ያልጀመሩ 128 ሕመምተኞችን በሦስት ከፍለው ተከታተሏቸው። አንዱ ቡድን በሳምንት አራት ቀን በመሮጫ ማሽን ላይ ልቡ ከከፍተኛ ምቱ ከ80 እስከ 85 በመቶ እስኪደርስ ድረስ እንዲሠራ ታዘዘ፤ ሁለተኛው ለዘብ ባለ መልኩ፤ ሦስተኛው እንደወትሮው እንዲኖር ተተወ። ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ከስድስት ወር በኋላ እንደወትሮው የኖሩት በእንቅስቃሴ መለኪያው ላይ ሦስት ነጥብ ያህል ወደ ኋላ ሄደዋል። በብርቱ የሠሩት ግን ካሉበት ፈቀቅ አላሉም ማለት ይቻላል። በዓመቱ ደግሞ ኔዘርላንዳውያን ከ130 ሰዎች ገሚሶቹ ቤታቸው ውስጥ በቆመ ብስክሌት ላይ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲጋልቡ አድርገው ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ሚዛንን በተመለከተ የተለየ ነገር የሠራው ታይ ቺ የሚሉት የቻይናዎች ዝግ ያለ እንቅስቃሴ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ የ195 ሰዎች ጥናት ስድስት ወር ያህል በሳምንት ሁለቴ የሠሩት ሰውነት ከማሳሳብ ያላለፈ ነገር ከሠሩት ያነሰ ወድቀዋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። እነዚህ ጥናቶች የሚያሳዩት ምልክቱ እንደሚሻል ወይም እንደማይብስ ነው። የሚሞተው ሴል መሞቱን አቆመ ማለት አይደለም፤ «ስፖርት ፓርኪንሰንን ያድናል» የሚል ሰው ከገጠማችሁ የሚሸጠው ነገር ሳይኖረው አይቀርም።

ከጥናቶቹ ሁሉ እኔን የያዘኝ አንድ ቃል ነው፦ ብርታት። ዝም ብሎ መንቀሳቀስ ጥሩ ነው፤ የበለጠ የጠቀመው ግን የሚያለከልከው ነበር። አሰላ ላይ ይህን ለመለካት ማሽን አያስፈልግም። ከተማዋ ራሷ ተዳፋት ላይ ናት፤ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ልብ ቶሎ ይመታል። መለኪያው ንግግር ነው። ዳገቱን እየወጡ ሁለት ሦስት ቃል መናገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃታቸው ልኩ እሱ ነው። ያለ ችግር ተረት የሚያወሩ ከሆነ ሽርሽር ላይ ናቸው። ቃል ካልወጣቸው ይቁሙ። የልብ ሕመም ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ማየት አለበት፤ መውደቅ የጀመረ ደግሞ ብቻውን ዳገት አይወጣም።

ሁለተኛው ነገር መጠን ነው። ፓርኪንሰን የሰውየውን ሚዛን ያጭበረብርበታል፤ እግሩን በስንዝር እያነሣ ልክ እንደ ድሮው የተራመደ ይመስለዋል። ፊርማውም ከመስመር መስመር እየጠበበ ይሄዳል። ድምፁ ሹክሹክታ ሆኖ ሳለ የቤተሰቡ ጆሮ የደከመ ይመስለዋል። ስለዚህ ልምምዱ ማጋነን ነው። እርምጃው ቦይ የሚሻገር ሰው እርምጃ፣ ክንዱ እህል የሚዘራ ሰው ክንድ፣ ድምፁ ማዶ ያለ ጎረቤት የሚጣራ ሰው ድምፅ ይሁን። ለእሱ የተጋነነ የሚመስለው ለእኛ ልክ ነው። ጋሼ መጀመሪያ ሰሞን «ሰው ያብዳል ይለኛል» እያሉ ያፍሩ ነበር። ወታደር ይመስል ነበር አረማመዳቸው፣ አልዋሽም። አላፊ አግዳሚው ግን ያየው ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሰውዬ ነው።

ሦስተኛው ዜማ ነው። የሚመታ ነገር ሲሰሙ እግራቸው የሚከፈት ብዙ ናቸው። አውሮፓና አሜሪካ ታንጎ ሳይቀር ተሞክሯል፤ እኛ ጋ ጭብጨባና ከበሮ ሞልቷል። የልጅ ልጅ እያጨበጨበ «አንድ፣ ሁለት» ቢል ይበቃል።

አራተኛውን ብዙዎች ሳያውቁት ይሠሩታል። አሰላ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም በአንድ ማለዳ የሚጣሩባት ከተማ ናት። ስግደትም ሶላትም ሰውን ያስጎነብሳሉ፣ መሬት ያስነኩታል፣ መልሰው ያስነሡታል። ወገብና ጉልበቱ ለተገተረ ሰው ከዚህ የተሻለ ልምምድ አስቦ የሚያመጣ ሐኪም ይቸግረዋል። የሚያሰጋው መነሣቱ ነው፤ ሕመሙም መድኃኒቱም ድንገት ሲቆሙ የደም ግፊትን ይጥላሉ፣ ራስም ያዞራል። መሬት ተነክቶ በጉልበት መቆየት፣ መተንፈስ፣ ከዚያ ግድግዳ ወይም ወንበር ይዞ መነሣት። ስግደት ያቃተው በርጩማ ላይ ተቀምጦ እጁን ሳይደግፍ አሥር ጊዜ ይነሣ ይቀመጥ። ቡና የሚፈላበት ዝቅተኛ በርጩማ ሲጀምሩ አይሆንም፤ በረጅም ወንበር ተጀምሮ ነው ወደ እሱ የሚወረደው።

ይህ ሁሉ መድኃኒቱን አይተካም፤ በመድኃኒቱ ላይ ይፈናጠጣል። ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓ ነው፤ አንጎል ገብቶ ዶፓሚን ይሆናል። ሲይዝ ሰውየው ይፈታል፣ ሲለቅ ይታሰራል፤ ስለዚህ ልምምዱ በተፈታበት ሰዓት፣ በአብዛኛው ከተዋጠ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ይሁን። ከወተት፣ ከሥጋና ከሽሮ ጋር አይስማማም፤ ፕሮቲን መግቢያ በሩን ይሻማበታል፤ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ነው የሚወሰደው። ጾመኛ ደግሞ ጾሙን ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ በጾም ሰበብ የሚዘለል እንክብል መውደቅን ይጋብዛል። አርቴን የሚባል መድኃኒት የሚታዘዝላቸውም አሉ፤ ዋጋው ቀላል ነው፣ አዛውንት ላይ ግን ማስታወስን ያደናግራል። የነርቭ ሐኪም ፍለጋ ከአሰላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ የሚደርስ ሰው፣ ራሳቸው ከሕመሙ ጋር የሚኖሩት ወይዘሮ ክብራ ከበደ የመሠረቱትን የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅትም አፈላልጎ ቢያገኝ መልካም ነው። ሕመሙን ከሚያውቅ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት እንክብል የማይሰጠውን ይሰጣል።

ባቄላን አንሥቼ ልለፍ፤ አርሲ ውስጥ ይህ ጥያቄ አይቀርልኝም። አዎ፣ ባቄላ ውስጥ ሌቮዶፓ አለ። እንዲያውም ማርኩስ ጉገንሃይም የተባለ የስዊዝ ኬሚስት በ1913 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያወጣው ከባቄላ ነው፤ ሁለት ግራም ተኩል ራሱ ላይ ሞክሮ አስታወከው። ከደረቁ ይልቅ እሸቱና በቆልቱ ብዙ ይይዛሉ። ስንት እንደያዘ ግን ከማሳ ማሳ ይለያያል፤ መጠኑ የማይታወቅ መድኃኒት ደግሞ ለሕመምተኛ አይሆንም። እሸቱን ለእሸትነቱ ብሉት።

ጋሼ አሁን በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ይወጣሉ። ሠላሳው ደቂቃ በአምስት ሲባዛ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ በሌላውም ዓለም ለፓርኪንሰን ሕሙማን የሚመከረው እሱ ነው። ልጃቸው ከኋላ ትከተላለች እንጂ አትይዛቸውም። ይህን ለመልመድ ከአባቷ ይልቅ እሷ ነበረች የተቸገረችው። አንድ ሕግ አላቸው፦ እየሄዱ አይወራም። ባለጋሪው ልጓሙን ይዞ ሳለ ጨዋታ ከጀመረ ጋሪው ይቆማል።

ባለፈው ቅዳሜ አብሬያቸው ነበርኩ። ከልምምድ የሚመለሱ ሯጮች፣ ላባቸው በብርዱ እየጨሰ፣ ሲያልፉ ፍጥነታቸውን ቀንሰው «እንደምን አደሩ ጋሼ!» አሉ። መልስ የለም። አንዱ ዞር ብሎ አያቸው፣ ግር እንዳለው ያስታውቃል። ጋሼ ዓይናቸውን ከቦዩ ማዶ ካለው ድንጋይ ላይ አልነቀሉም። ቀኝ እግራቸውን አነሡ፣ ተሻገሩ፣ ግራውን አስከተሉ፣ ሁለቱንም አቆሙ። ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው፣ ማዶ እንደሚጣራ ሰው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን! እናንተስ?» አሉ። ልጆቹ ታጥፈው ነበር።